አባቶቻችን በመጡ በስድስተኛው ዓመት

ዶን ናዚር ሳሮር ያን ቀን ወደ ፓትሮናቶ፣ ወደ ሳንቲያጎ የጨርቅ ነጋዴዎች ሰፈር፣ የወረዱት ሱቃቸውን ለመሰናበት እንጂ ከማንም ጋር ለመከራከር አልነበረም። ልጃቸው ኤድዋርዶ ገዢ አግኝቷል፤ ገዢው ቤቱን አፍርሶ የዕቃ መጋዘን ሊያደርገው ነው። «አባዬ፣ ሱቁ ከተዘጋ ዓመት አልፎታል፤ አቧራ ከምናጠራቅምበት ይሸጥ» ብሏቸዋል። ኤድዋርዶ የዓይን ሐኪም ነው። ከሳንቲያጎ በስተምሥራቅ፣ ከተራራው ሥር፣ ሰፊ አትክልት ባለው ግቢ ይኖራል፤ በዕድሜው አንድ ክንድ ጨርቅ ለክቶ አያውቅም። ዶን ናዚርም እሺ አሉ። ከመሸጡ በፊት ግን አንድ ጊዜ መዝጊያውን ከፍ አድርገው ውስጡን ማየት ፈለጉ። ደግሞም ከሰዓት በኋላ የነጋዴዎች ማኅበር ስብሰባ ነበር። ማኅበሩ የመንገድ ላይ ሻጮች ከሰፈሩ እንዲነሡለት ማዘጋጃ ቤቱን ሊጠይቅ ስለሆነ፣ ከነባሮቹ በዕድሜ ትልቁ እርሳቸው ናቸውና ተነሥተው እንዲናገሩ ለምነዋቸዋል።

ከምድር ውስጥ ባቡሩ ወጥተው ሲራመዱ እግራቸው መንገዱን አወቀው፤ ዓይናቸው ግን አላወቀውም። በልጅነታቸው ይህ መንገድ የአዲስ ጨርቅ ሽታ ነበረው። ጠዋት መዝጊያዎቹ እየተንኳኩ ሲነሡ፣ ከቤት ጃላ ከተማና ከቤተልሔም የመጡት ሽማግሌዎች ከደጅ ወደ ደጅ በአረብኛ ሰላምታ ይወራወሩ ነበር። ቀትር ላይ ገበያ ሲቀዘቅዝ የታውላ መጫወቻ ሰሌዳ ይወጣና አንዱ በሌላው ሽንፈት ሲስቅ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። እሑድ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ በየቤቱ የወይን ቅጠል በሩዝና በሥጋ ተጠቅልሎ ይጠብቃቸው ነበር። ያ ሁሉ ሰው የት ሄደ? እኩሌታው መቃብር፣ እኩሌታው እንደ ኤድዋርዶ ከተራራው ሥር። አሁን ከየአቅጣጫው የሚሰማው የሊማ፣ የካራካስና የላ ፓዝ አነጋገር ነው።

ሱቃቸው ፊት ሲደርሱ ተናደዱ። አንዲት ሴት የምድጃ ጋሪዋን ከመዝጊያው ጋር አስጠግታ፣ በአይብ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ ትጠብሳለች። ካፖርቷንም በመዝጊያው ቁልፍ ላይ ሰቅላዋለች።

«ይህ በር የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አሏት።

«አላውቅም ጌታዬ» አለች ሴትዮዋ፣ ቂጣውን እየገለበጠች። «ሲከፈት አይቼው አላውቅም። የማንም ይሁን፣ ነፋሱን ከጀርባዬ ስለሚከልልልኝ እግዜር ይስጠው። ትኩሱን ልስጥዎት?»

ከጋሪው አጠገብ ቆማ የምትበላ አንዲት ወጣት ሴት ሳቋን መያዝ አቅቷት ጉርሻው ትን አላት።

«አጎቴ ናዚር!» አለች ጉንጫቸውን እየሳመች። «አላወቁኝም? ሉሲላ ነኝ! የዶን ፋራህ የልጅ ልጅ!»

ዶን ፋራህ የአዝራርና የክር ነጋዴ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የግድግዳ ጎረቤታቸው፣ በታውላ ደግሞ ጠላታቸው ነበሩ። የሽማግሌው ፊት ወዲያው በራ።

«አንቺ! ከአያትሽ አዝራር ሰርቀሽ የምትውጪው ልጅ!»

«አንዱን ብቻ ነው የዋጥኩት፤ እርሱንም አገር ሙሉ ሰምቷል» አለችና እጃቸውን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የአረብ ጣፋጭ ቤት ወሰደቻቸው።

በናና የተፈላ ሻይ መጣ። የሞቱትን ሁሉ በየስማቸው ካነሡ በኋላ፣ ዶን ናዚር በመስኮቱ ወደ ጋሪዋ ሴት አመለከቱ።

«ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሪው ስለ ምን ነበር ልጄ?»

«ስለ ስደተኞች ኑሮ ነው አጎቴ። ማን እንደተሻሻለ፣ ማን እንዳልተሻሻለ፣ በምን ምክንያት።»

«እንኳን አገኘሁሽ! እንግዲያው አስረጂኝ። አባቴ ኢሳ በመርከብ ቦነስ አይረስ ወርዶ፣ የአንዲስን ተራሮች ተሻግሮ እዚህ ሲገባ፣ በስፓኒሽ ደህና ዋሉ ማለት እንኳ አይችልም ነበር። ሣጥን በጀርባው አዝሎ፣ መርፌና ሻሽ እየያዘ በየገጠሩ ዞረ። ከዚያ ሱቅ፣ ከዚያ ፋብሪካ፤ የልጅ ልጆቹ ሐኪምና ጠበቃ። እነዚህ ግን ቋንቋው ቋንቋቸው ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያናቸው ነው፣ ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ታዲያ እኛ ፋብሪካ ስናቆም እነርሱ ለምን ቂጣ ይጠብሳሉ? እኔ ልንገርሽ? እኛ ሥራ እንወዳለን፤ እነርሱ ጭፈራ ይወዳሉ።»

ሉሲላ አልተቆጣችም። አያቷም ይህንኑ ሲሉ ሰምታለች።

«ይቅርታዎንና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባትዎ በመጡ በስድስተኛው ዓመት የት ነበሩ?»

«ለምን ስድስተኛ?»

«ያቺ ሴት፣ ዩስሌይዲ፣ ከቬኔዝዌላ ከመጣች ስድስት ዓመቷ ነው። እርስዎ የመቶ ዓመቱን ቤተሰብ ስድስት ዓመት ብቻ ከቆየች ሴት አጠገብ አቁመው ነው የሚያስተያዩት። እኔ ደግሞ ስድስተኛውን ከስድስተኛው ጋር እናስተያይ እላለሁ።»

ዶን ናዚር ጺማቸውን እየዳበሱ አሰቡ፤ ከዚያም ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«በስድስተኛው ዓመት እዚሁ መንገድ ላይ፣ ከጓሮ ባለች አንዲት ክፍል፣ ከአራት የአገሩ ልጆች ጋር መሬት ላይ ይተኛ ነበር። ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ ነበር። አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም እንዲገላበጡ፣ ዳር ያለው 'ዙሩ!' እያለ ያዝዝ ነበር አሉ።»

«አያቴ ደግሞ አዛዡ የእርሱ አጎት እንደነበር ይናገር ነበር።»

«ውሸቱን ነው፤ አዛዡ አባቴ ነው!» ሁለቱም ሳቁ። የሽማግሌው ዓይን ግን እንባ አዘለ፤ ያን ክፍል አይተውት ባያውቁም፣ ካዩት ቤት ሁሉ ይልቅ ይናፍቃቸዋል።

«አዩ አጎቴ፣» አለች ሉሲላ ዝግ ብላ፣ «በዚያን ጊዜ ያለፈ የሳንቲያጎ ሰው ወደ ክፍሏ ቢያይ ኖሮ ምን ይል ነበር?»

«ምን ይላል! 'ቱርኮዎቹ እንደ አይጥ ተጨናንቀው ይኖራሉ' ይል ነበር። ብሏልም። ከቱርክ ገዢ ሸሽተን መጥተን ቱርኮ ይሉን ነበር እኮ!»

«ዛሬ ስለ ዩስሌይዲ ጎረቤቶች የሚባለውም ይኸው ነው። በአሮጌዎቹ ትልልቅ ቤቶች ውስጥ፣ በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ ተጨናንቆ ይኖራል።»

«እሺ፣ እርሱ ይሁን። ግን እኛ ቆጠብን ልጄ! ዳቦና ሽንኩርት በልተን ቆጠብን!»

«እውነት ነው፤ ቁጠባችሁን አልክድም። ነገር ግን እነዚህ ሴቶችም በየሳምንቱ እቁብ ይጥላሉ፤ ከዚያ ላይ ለእናቶቻቸው ይልካሉ። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። አባቶቻችን ፋብሪካ ሲያቆሙ መንግሥት የውጭ ጨርቅ እንደልብ እንዳይገባ አግዶ ነበር፤ የሸመኑት ሁሉ ይሸጥ ነበር። ዛሬ አንዲት ሴት ቀሚስ ብትሰፋ፣ በመርከብ ከሚመጣ ተራራ ሙሉ ልብስ ጋር ትወዳደራለች። አባቶቻችን ሣጥን አዝለው ሲዞሩ የመኖሪያ ወረቀት አምጡ ያላቸው አልነበረም። ዛሬ ያለ ወረቀት በር አይከፈትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋስ ነበራቸው።»

«ምን ዋስ?» ዶን ናዚር ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መቱት። «አባቴ የማንንም ደጅ አልጠናም! በገዛ ጀርባው ነው የቆመው!»

«የመጀመሪያውን ሣጥን ዕቃ ከየት አመጡት?»

«ከ... ከአገሩ ልጅ፣ ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ነዋ። ያ ግን ወግ ነው፤ ዋስ አይባልም።»

ሉሲላ ብርጭቆውን ወደ እርሳቸው እየመለሰች፣ «በቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ፎቶግራፎች ሁሉ ያለፈላቸው ሰዎች ናቸው አጎቴ። በእኛም ቤት እንደዚሁ። ያላለፈላቸው አልነበሩም?» አለች።

ይህ ጥያቄ ሽማግሌውን ያልጠበቁት ቦታ ላይ ወጋቸው። የአባታቸው ታናሽ ወንድም ጁብራን ትዝ አሏቸው። እርሳቸውም ሣጥን አዝለው ዞረዋል፤ እርሳቸውም ሽንኩርት በልተዋል። እንዲያውም ከኢሳ ይልቅ ማልደው ይነሡ ነበር። ግን በታልካ ከተማ ሱቃቸው ተቃጠለ፤ በኪራይ ክፍል ውስጥ፣ መርፌ እየሸጡ፣ ሚስት ሳያገቡ ሞቱ። ድምፃቸው ያማረ ሰው ነበሩ፤ ለናዚር ትንሽ ልጅ ሳሉ የቤት ጃላን የወይራ ለቀማ ዘፈን ያስተማሯቸው እርሳቸው ናቸው። ስለ ጁብራን ስንፍና አንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም፤ ግን ስለ ጁብራን የተናገረም የለም።

ሰው ሲረታ መጨረሻ ላይ የሚያነሣው መሣሪያ ክርክሩን ሳይሆን ተከራካሪውን መውጋት ነው። ዶን ናዚርም እንዲሁ አደረጉ።

«አንደበትሽ ጥሩ ነው። አያትሽም አፍ ነበረው። አሁን እኔ ልጠይቅሽ፤ ከዚያች ሴት ቂጣ ትበያለሽ፣ ስሟን ታውቂያለሽ፣ ስለ እርሷ ታስተምሪያለሽ። ሱቅ ልከራይ ብላ ዋስ ሁኚኝ ብትልሽ ትፈርሚላታለሽ?»

ሉሲላ ቀላች። «ጠይቃኝ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ባለፈው ዓመት። አስብበታለሁ አልኳት። እስካሁን እያሰብኩበት ነው።»

በዚህ መካከል ከመንገዱ ጫጫታ ተሰማ። የማዘጋጃ ቤቱ ደንብ አስከባሪዎች ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ብለዋል፤ የኮፍያና የካልሲ ሻጮች አንሶላቸውን በአራት ማዕዘን ጠቅልለው ይሮጣሉ። ዩስሌይዲ ግን የፈላ ዘይት ይዛ የት ትሩጥ? ጋሪውን ስትገፋ ዘይቱ ይዋልላል፤ አንዲት እናት ልጇን ጎትታ ከፊቷ ሸሸች።

ዶን ናዚር እንዴት እንደተነሡ ኋላም አያስታውሱትም። መንገዱን ተሻግረው፣ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው፣ የዛገውን መዝጊያ ወደ ላይ መግፋት ጀመሩ። ሉሲላ በትከሻዋ አገዘቻቸው። መዝጊያው እየጮኸ ተነሣ።

«ግቢ! ቀስ በይ፣ ዘይቱን! ግቢ!»

ጋሪው ከገባ በኋላ አንድ ደንብ አስከባሪ ደረሰ። ሰውየው ጨዋ ነበር፤ ኮፍያውን ነካ አድርጎ፣ «ዶን፣ ሴትዮዋ ከእርስዎ ጋር ናት?» አላቸው።

«ከእኔ ጋር ናት» አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውን ገረማቸው።

በሱቁ ውስጥ የአቧራ ሽታ ነበር፤ ከአቧራው ሥር ግን ያ የድሮው የአዲስ ጨርቅ ሽታ ገና አልሞተም። ዶን ናዚር ቆመው ሳቡት። ባለቤታቸው ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ተቀምጣ ሹራብ ስትሠራ፣ አባታቸው ጥቅሉን በጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ሲዘረጉት ታያቸው። ዘወር ሲሉ፣ ዩስሌይዲ እጇን በልብሷ ጠርጋ ያንኑ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ በመዳፏ ስትዳብስ አገኟት።

«እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ነበረኝ» አለች። «በአገሬ፣ ባርኪሲሜቶ ከተማ። የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ እሰፋ ነበር። ስድስት ሴቶች ከእኔ ጋር ይሠሩ ነበር።»

«ልብስ ሰፊ ነሽ? ታዲያ ለምን ትጠብሻለሽ?»

«ማታ እሰፋለሁ ጌታዬ፤ ለሰው፣ በቁጥር እየተከፈለኝ። እኔና ሁለት የፔሩ ሴቶች ተደራጅተናል፤ የመጀመሪያውን ወር ኪራይ በእቁብ አስቀምጠናል። ቤት ስንጠይቅ ግን ቤትና ወረቀት ያለው ዋስ አምጡ ይሉናል። ዋስ ከየት ላምጣ? የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደኔ ናቸው።»

ይህን የተናገረችው ያለ ምሬት ነው፤ ዝናብ እየዘነበ ነው እንደማለት ያህል። ዶን ናዚር ግን በጠረጴዛው ጫፍ ተቀመጡ። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደኔ ናቸው። አባታቸው የሚያውቋቸው ሰዎች ግን ሁሉም እንደ እርሳቸው አልነበሩም። አንድ ሰው ነበር፤ ቀድሞ የመጣ፣ ሱቅ ያለው፣ ስሙ በከተማው የታመነ። ለዚህች ሱቅ ኪራይ ስሙን የሰጠው እርሱ ነው። ያም ሰው የሉሲላ ቅድመ አያት፣ ሽማግሌው ጂርየስ ነበሩ። ዶን ናዚር ይህን ሁልጊዜ ያውቁት ነበር፤ የቤተሰቡን ታሪክ ሲያወሩ ግን ዘለውት ያልፉ ነበር።

«ሉሲላ፣» አሉ ቀና ብለው፣ «የአባቴ ዋስ ቅድመ አያትሽ ነበር።»

«አውቃለሁ አጎቴ። እርስዎ እስኪያነሡት ነው የጠበቅኩት።»

«አንቺ ተንኮለኛ! በይ እንግዲያው አስበሽ ጨርሽ። ሱቁ አይሸጥም፤ አንቺ ፈርሚ፣ እኔ አከራያለሁ። ሞኝ ከተባልን አብረን እንባላለን።»

ሉሲላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ኮስተር አለ፤ ስም መስጠት እንደ ማስተማር ቀላል አይደለምና። ከዚያም ወደ ዩስሌይዲ ዞራ፣ «ባለፈው ዓመት ማድረግ ነበረብኝ» አለቻት። ዩስሌይዲ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸውና ቂጣዎቹ እንዳይቀዘቅዙ ብላ ለሁለቱም በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው።

ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ አዳራሽ ዶን ናዚር ተነሥተው ተናገሩ።

«ወዳጆቼ፣ መንገዱ ይጠረግ ብዬ እንድናገር ነው የጠራችሁኝ። እኔም እንዲጠረግ እፈልጋለሁ። ግን ሰዎቹ መንገድ ላይ ያሉት መንገድ ወድደው አይደለም፤ በሩ ስለማይከፈትላቸው ነው። በእኔ ረድፍ ያሉት የተዘጉ ሱቆች ከተከፈቱት ይበልጣሉ። የተዘጋ በር ለጎረቤቱ ምን ይጠቅመዋል? ሥራ የሚችሉትን አስገብተን፣ ማኅበሩ ዋስ ይሁናቸው። የእግረኛው መንገድ ይለቀቃል፣ ሱቁ ኪራይ ያገባል፣ ማኅበሩ መዋጮ ያገኛል፤ ማታ መብራት ባለበት መንገድ ሌባ አይቆምም።»

«ዶን ናዚር፣» አለ አንድ የጫማ ነጋዴ ከኋላ፣ «እኛን ማን አስገባን? በራሳችን አይደል የገባነው?»

«አይደለም ልጄ። እኔ የገባሁት በጂርየስ ስም ነው። አንተም ቤት ሄደህ አክስቶችህን ጠይቅ፤ የሆነ ስም ይነግሩሃል።»

ጭብጨባ አልነበረም። ጥቂቶች አጉረመረሙ፤ አንዱም ተነሥቶ ወጣ። ግን አቤቱታው ያን ቀን ሳይፈረም ቀረ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሊቀመንበሩ ራሱ፣ ባዶ ሱቆች በማኅበሩ ዋስትና ይከራዩ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኤድዋርዶ ስልክ ደውሎ፣ «አባዬ፣ አታለሉህ!» ብሎ ጮኸ። ዶን ናዚርም፣ «ያታለልኩህ እኔ ነኝ፤ የአያትህን ታሪክ ግማሽ ነው የነገርኩህ» ብለው ዘጉት።

የሆነው እንዲህ ነው። ሦስቱ ሴቶች የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ መስፋት ጀመሩ። ትምህርት ሊከፈት ሲል እናቶች ልጆቻቸውን እየያዙ መጡ፤ ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ጫማ ይገዛል፣ ካልሲ ይገዛል፣ ጣፋጭ ቤት ይገባል፤ ስለዚህ ያ አጉረምራሚ የጫማ ነጋዴ ከሁሉ ቀድሞ ተጠቀመ። በዚያው ረድፍ ሌሎችም መዝጊያዎች ተነሡ። የእግረኛው መንገድ ሰፋ፤ ደንብ አስከባሪዎቹም የሚያባርሩት ሰው አነሰ። ኪራዩ በየወሩ ሳይጓደል ይገባል። ኤድዋርዶ እንኳ ሴት ልጁን ይዞ መጥቶ ደንብ ልብሷን አሰፋ፤ ልጅቷም ቅድመ አያቷ ጨርቅ የዘረጉበትን ጠረጴዛ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች። ዶን ናዚርም ጠዋት የሚነሡበት ምክንያት አገኙ። በየቀኑ ወርደው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ጨርቅ በእጃቸው እየዳሰሱ፣ «ይህ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይሸበሸባል፣ ተዪው» ይላሉ። አዲስ ጥቅል በተፈታ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸቱታል።

በዓመቱ ሥራው ስለበዛ ሁለት እኅትማማቾች ተቀጠሩ፤ ከቦሊቪያ ገጠር በቅርቡ የመጡ፣ ዓይነ አፋር ልጃገረዶች ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዩስሌይዲ መቀሷን ይዛ ወደ በሩ ወጣችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ዶን ናዚር፣ እነዚህ ቦሊቪያውያን አልሆኑልኝም። ዝም ይላሉ፤ አንድ ነገር ሦስቴ ካልተነገራቸው አይገባቸውም። እኛ ስንመጣ እንዲህ አልነበርንም። እኛ ሥራ እንወዳለን።»

ዶን ናዚር እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«ምን አልኩ?» አለች ግራ ገብቷት።

«ምንም አላልሽ ልጄ፣ ምንም። አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅሽ። አንቺ በመጣሽ በመጀመሪያው ዓመት፣ እዚህ ሰፈር ስላንቺ ምን ይባል ነበር?»

ዩስሌይዲ ቀድሞ ጋሪዋ የቆመበትን የእግረኛ መንገድ አየች። ወደ ውስጥ ተመልሳ፣ በሁለቱ እኅትማማቾች መካከል ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ ክሩ በማሽኑ ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ቀስ ብላ ታሳያቸው ጀመር።